ለተራራ ጉዞ ምን እንያዝ?



ስለ ተራራ ጉዞ ሲነሣ ወጣቶች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ጫማ ነው። እኔ ግን ከፌስታል እጀምርላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

በ2007 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከመድረሳችን ወጣቶች ጋር አሥራ አንድ ሆነን ከሞጣ ወደ ጮቄ ተጓዝን። ጮቄ ሙጋን፣ ሱሃንና ጨሞጋን የመሳሰሉ የዓባይ ገባሮች የሚነሡበት፣ ከፍታው 4,100 ሜትር ገደማ የሆነ ተራራ ነው። ሞጣ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ «እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ብርድ ምን ያደርገናል?» የሚል ኩራት ነበረብን። ነገር ግን በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ የጮቄ አናት ከሞጣ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ይህን በክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ሻንጣ ስንሸክፍ ግን ትዝ አላለኝም።

ከመካከላችን አንዱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ በአማና የሰጡኝ ነው። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብ ለብሶ ከላይ ጋቢ ደርቧል። አየሁት፤ ጋቢው ይበቃዋል ብዬ ዝም አልኩ። ከዙህር በኋላ፣ ጅብራው በብዛት ከሚታይበት ስፍራ ስንደርስ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ጋቢ ደረቅ ሲሆን እንደ ቤት ነው፤ ሲርስ ግን ውሃውን ተሸክሞ ይከብዳል፣ የገላንም ሙቀት ይወስዳል። ልጁ ክፉኛ ተንቀጠቀጠ። ቆይቶ መንቀጥቀጡ ሲቆም «አልሐምዱሊላህ፣ ሞቀው» አልኩ። አንደበቱ ሲተሳሰርና እግሩ ሲደነቃቀፍ ነው የደነገጥኩት። ወላጆችም ይህን ያዙልኝ፦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ ገና እየታገለ ነው። እርጥብ እንደሆነ መንቀጥቀጡ የቆመና ቃሉ የተምታታበት ሰው ግን ለሕይወቱ ያሰጋዋል።

ተሸክመን ከአንድ ገበሬ ቤት አስገባነው። ወደ ምድጃው ልናስጠጋው ስንል የቤቱ አባወራ፣ አንድ ሽማግሌ፣ «እሳቱ ይቆይ ልጆቼ፤ መጀመሪያ እርጥቡን አውልቁለት» አሉን። አውልቀን በባና ጠቀለልነው። ቤተሰቡ ሁዳዴ ጾም ላይ ነበሩ፤ ለልጁ ግን ወተት አሙቀው፣ ማር ጨምረው በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ቃሉ የተስተካከለው ከመግሪብ በኋላ ነው።

ባናው ከበግ ጠጉር የተሠራ ነው። ጠጉር ቢርስ እንኳ ከጥጥ የተሻለ ሙቀት ይይዛል። የተራራው እረኛ ባና የሚደርበው፣ በዝናብ ጊዜም ገሳ የሚለብሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ እኛ የከተማ ልጆች ግን የባላገር ልብስ እያልን እንንቀዋለን። ከሰልባጅ ተራ በርካሽ የተገዛ የሱፍ ሹራብ ከአዲስ ጂንስ ጃኬት ይበልጣል።

አሁን ወደ ፌስታሉ። አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስ፣ ማለትም የሱፍ ሹራብ፣ ሱሪ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲና ኮፍያ፣ በወፍራም ፌስታል ቋጥራችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ። መጠለያ እስክትገቡ ወይም ከመካከላችሁ አንዱ እስኪርስ ድረስ አትፍቱት። የዝናብ ልብስ ያጣ ሰው ሰፊ ላስቲክ ይያዝ። ጫማው አዲስ አይሁን፤ ይልጣል።

ለስንቅ በሶ የሚያህል የለም። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ አልበስል እያለ ማገዶ ይጨርሳል። በሶ እሳት አይጠይቅም። ቆሎና ቴምርም ጨምሩ።

ሶላትን በተመለከተ፣ ለዉዱእ ውሃ ማሞቂያ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ያዙ። በዉዱእ ላይ ሆኖ ኹፍ የተጫማ መንገደኛ ሦስት ቀንና ሌሊት በላዩ ማበስ ተፈቅዶለታል፤ ለዚያ ብርድ ትልቅ እዝነት ነው። ስለ ካልሲ ግን ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ከመነሣታችሁ በፊት የሰፈራችሁን ሸኽ ጠይቁ። ከጮቄ ላይ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ነው። ጉም ሲወርድ አቅጣጫ ስለሚጠፋ ኮምፓስ አይቅር። ስልክ ላይ ብቻ የምትተማመኑ ከሆነ ባትሪው በብርድ ቶሎ ይደክማልና ከደረት ኪሳችሁ አትለዩት።

ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ከዚያ በላይ አይውጣ። ከባሰበት ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወሰድ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ የተራራው አናት ፊት ለፊታችን ይታይ ነበር። ልጁም «ኡስታዝ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ እንውጣ» አለኝ። ጋቢውን ጨበጥ አደረግሁት፤ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ወደ ሞጣ ተመለስን።