ቀኑ ደርሶ ነው

ሰኔ ሲገባ አንድ ለቅሶ ቤት ሄጄ ነበር። ሟቹ የ22 ዓመት ወጣት ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ሚኒባስ ገጭቶት ሞተ። ሹፌሩ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ በማግስቱም ሳይተኛ መሪ እንደያዘ ይወራል። የእድሩ ሰው ሁሉ እየተነሣ እናትየዋን ያጽናናል፦ «አይዞሽ፣ ቀኑ ደርሶ ነው። የአርባ ቀን ዕድሉ ሆኖ ነው።» እሷ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ቀኑ ደርሶ ከሆነ ሹፌሩን ለምን አሰሩት?» አለች። ድንኳኑ ጸጥ አለ። እኔም ቃል አጣሁ።

«የአርባ ቀን ዕድል» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉና አነጋገራችን ያንን ቀን የሰው ዕጣ የሚጻፍበት አድርጎታል። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን የምታደርገው እኮ ተቃራኒውን ነው። ሕፃኑን ያቀፈው የክርስትና አባት ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በክርስቶስ ያምናል። ገና መናገር ያልቻለ ልጅ፣ በሌላ ሰው አፍም ቢሆን፣ ይመርጣል። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክም በ15ኛው ምዕራፉ እሳትና ውኃ በሰው ፊት እንደቀረቡ፣ እጁን ወደ ወደደው መስደድ የሰውየው ፈንታ እንደሆነ ያስተምራል።

ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 9ኛ ምዕራፍ ስለ ፈርዖን ልብና ስለ ሸክላ ሠሪው የጻፈውን አንብቦ ያልተጨነቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። አውግስጢኖስ ከጴላግዮስ ጋር የተከራከረው፣ ኤራስመስና ሉተር እ.ኤ.አ. በ1524 እና በ1525 መጽሐፍ በመጽሐፍ የተመላለሱት በዚሁ ነው። የካልቪን ተከታዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 በዶርት ጉባኤያቸው እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጧል የሚለውን አጸኑ። የእግዚአብሔርን ልዕልና ለመጠበቅ መቆርቆራቸውን አከብራለሁ። ድምዳሜያቸውን ግን ልቤ አይቀበለውም፤ እኔ የምጠጋው እግዚአብሔር ሰውን ይረዳል እንጂ አያስገድድም ብሎ አጥብቆ ወዳስተማረው ወደ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው።

ያቆመኝም የጸሎተ ሐሙስ ማታ ታሪክ ነው። ጌታ በዚያች ሌሊት ስለ ሁለት ደቀ መዛሙርቱ አስቀድሞ ተናገረ፦ አንዱ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ሌላው ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ይክደዋል። እንደተናገረውም ሆነ። አስቀድሞ መታወቁ እጃቸውን ጠምዝዞ ያሠራቸው ቢሆን ኖሮ፣ ጴጥሮስ ወደ ውጭ ወጥቶ ለምን አምርሮ ያለቅሳል? ያልሠራውን ማን ያለቅሳል? ይሁዳም ቢሆን ተጸጽቷል፤ ሠላሳውን ብር ወስዶ መልሷል። የቀረው ወደ ጌታው መመለስ ነበር። ያን መንገድ ማንም አልዘጋበትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከጴጥሮስ ይልቅ ለይሁዳ አዝናለሁ፤ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት በሩ ክፍት ነበርና።

«ቀኑ ደርሶ ነው» የምንለው ለማጽናናት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ስንት ቤት ብዬዋለሁ። ሐዘንተኛን ብቻውን ላለመተው የተገኘች ቃል ናት። ግን እንቅልፍ ያሸነፈውን ሹፌር፣ እረፍት የነሳውን ባለመኪና ሸሽገን ደሙን በእግዚአብሔር እጅ ላይ ስናደርገው፣ ፈጣሪን ያከበርን እየመሰለን እናማዋለን።

ለአርባው ተዝካር ተመልሼ ሄድኩ። ሹፌሩ በዋስ ወጥቶ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ ትልቁ፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያለው አይቀርም። ይቅር በይ» አሏት።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ነው ያደረገው ካሉኝ ማንን ይቅር ልበል?» አለቻቸው። «ልጁ ራሱ ይምጣ። ተኝቼ ነበር ይበለኝ።»

በሳምንቱ መጣ። ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፏ ላይ ተንበርክኮ፣ ተኝቼ ነበር አላት።