መሬቱን ለእኩል የሰጠ ከአውድማው አይርቅም

በጎጃም አገር መሬቱን ራሱ ማረስ ያልቻለ ሰው ለእኩል አራሽ መስጠቱ የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ጤፉ በሚወቃበት ቀን ባለመሬቱ ከአውድማው አይታጣም። ይህንም የሚያደርገው አራሹን በሌብነት ስለ ጠረጠረው አይደለም፤ ሒሳብ በዓይን ሲታይ ወዳጅነት እንደሚጸና ስለሚያውቅ ነው እንጂ።

ይህ የገበሬ ጥበብ ዛሬ ለተማሪውና ለወጣቱ ሠራተኛ ይጠቅመዋል። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ በግቢያቸው ሰርቪስ ቤት እየሠሩ የሚያከራዩ ሰዎች በርክተዋል። እነርሱ ከተከራያቸው ጋር በአንድ በር ስለሚገቡና ስለሚወጡ፣ ጣሪያው ሲያፈስም ሆነ ኪራዩ ሲዘገይ ወዲያው ያውቁታል። አሁን ግን «ገንዘብዎን ይስጡን፤ ቤቱን ሠርተን፣ ተከራይ ፈልገን፣ ኪራዩን ሰብስበን በየወሩ በባንክ እናስገባልዎታለን» የሚሉ ድርጅቶች በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ተነሥተዋል። ጥሪያቸውም ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመውን ወጣትና ባሕር ማዶ ካለ ወንድሙ ገንዘብ የተላከለትን ሰው ልብ ይስባል።

ሐሳቡ በራሱ ነውር የለበትም። ቀኑን በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ግንበኛ ሊቈጣጠርና ተከራይ ሊያስተናግድ አይችልምና። ነገር ግን «ሳይደክሙ የሚበሉት ገቢ» የሚለው አነጋገር ያታልላል። ድካሙ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልቀረም፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ከማመላለስ አደራ ተቀባዩን ወደ መመርመር ተዛወረ።

ይህን ምርመራ የዘለለ ምን እንደሚደርስበት የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስተምራል። በአዲስ አበባ አክሰስ ሪል እስቴት የተባለው ድርጅት ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ገዢዎች ገንዘብ ተቀብሎ ቤቱን በቀጠሮው ሊያስረክብ ባለመቻሉ፣ በ2005 ዓ.ም. ነገሩ መንግሥት እስኪገባበት ደርሶ ነበር። ከገዢዎቹም ብዙዎቹ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የጎደለው ትምህርት ሳይሆን አውድማው ላይ መቆም ነው።

ታዲያ ምን እንመርምር?

አንደኛ፣ ወረቀቱን። የቦታው የይዞታ ማረጋገጫና የግንባታው ፈቃድ በማን ስም እንደ ወጣ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበትም ከከተማው መሥሪያ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይገባል። ድርጅቱ ያሳየውን ግልባጭ ብቻ ማመን አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ውሉን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። በቢሮ ውስጥ በቡና ግብዣ የተፈረመ ወረቀት በችግር ቀን ላይቆም ይችላል።

ሦስተኛ፣ ውክልናውን። ብዙ ሰው ሳያነብ የሚፈርመው ይህን ነው። በዚያው ሕግ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ቤቱን ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትና ገንዘብ መሰብሰብ ይችላል፤ ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለማስተዳደር የተጠራ ድርጅት የመሸጥ ሥልጣን ከጠየቀ ምክንያቱ ይመርመር። ወካዩ ውክልናውን በፈቀደው ጊዜ ሊሽር እንደሚችልም አይዘንጋ።

አራተኛ፣ የተስፋውን ቃል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኑአቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። እንግዲህ በእነዚህ ከተሞች «የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ አስከፍለን እንሰጥዎታለን» የሚል ድርጅት ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ሊሽረው አስቧል፤ ሁለቱም አያስመሰግኑትም።

አምስተኛ፣ ሒሳቡን። ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር የፈጀ ቤት በወር 15,000 ብር ቢከራይ በዓመት 180,000 ብር ያገባል ይባላል። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢያድር ግን 165,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ድርጅቱ ከመቶ አሥር፣ ማለት 16,500 ብር ቢወስድ፣ ለእድሳትም 12,000 ብር ቢወጣ የሚተርፈው 136,500 ብር ነው። የኪራይ ገቢ ግብሩ ገና አልተነሣም። እውነተኛ ድርጅት ይህን ሁሉ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይናገራል፤ ትርፉን ብቻ የሚያወራ ግን ግማሹን ደብቋል።

ከሁሉ በላይ ከእኛ በፊት ቤታቸውን ለዚያው ድርጅት ያስረከቡ ሰዎችን ፈልጎ ማነጋገር ይገባል። «ኪራዩ በስንተኛው ቀን ይደርሳችኋል? ቤቱ ባዶ ሲሆን ማን ይነግራችኋል? ለእድሳት የወጣውን ደረሰኝ ታያላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከመቶ ማስታወቂያ ይበልጣል።

አንዳንድ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ሰውን ማዋረድ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ታማኝ ሰው ሒሳቡ ሲታይ ደስ ይለዋል፤ የሚቈጣው የሚሸሽገው ያለው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ በአባትና በእናት ላብ የተገኘ ገንዘብ በይሉኝታ ሊጠፋ አይገባውም።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን የሚያስተዳድርልህ ብታገኝ አደራውን ስጠው፤ ነገር ግን ጤፉ በሚወቃበት ቀን ከአውድማው አትታጣ።