ጤንነት በየዕለቱ ልማድ እንደሚጸና

ጤና ከሀብትና ከሹመት እንደሚበልጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ ዳሩ ግን ሀብቱን የሚቆጥርና ሹመቱን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሲሆን፣ ጤናውን በየዕለቱ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ጤናን የሚያስባት ካመለጠችው በኋላ ነውና፣ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ ፍለጋ የሚሮጠውን ሰው ይመስላል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ለክቡራንና ለክቡራት አንባብያን ልናስረዳ የምንወደው ነገር፣ ጤንነት በአንድ ቀን ብርታት የሚገኝ ሳይሆን በየዕለቱ በሚደረግ ትንሽ ልማድ የሚገነባ መሆኑን ነው። ለዚህም ምሳሌውን ከሩቅ አገር አንፈልግም፤ ከየካ በላይ በተዘረጋው በእንጦጦ ተራራ ላይ እናገኘዋለንና።

የአዲስ አበባ አቈራቈር ራሱ ከጤና ጋራ የተያያዘ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አስቀድመው ሰፍረው የነበሩት በእንጦጦ ራስ ላይ ነበር። ተራራው አገር ለመጠበቅ የተመቸ ቢሆንም ብርዱ የበረታ፣ የማገዶው እንጨትም እያለቀ የሚሄድ ነበር። ንጉሡና እቴጌይቱ ከነሠራዊታቸው ሰውነታቸውን ሊታጠቡና ሊያርፉ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበርና፣ እቴጌይቱ የሜዳውን መልካምነት አይተው በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ በ1879 ዓ.ም.ም ከተማይቱ ተቈረቈረች፤ ስሟም አዲስ አበባ ተባለ። እንግዲህ ከተማችን የተመሠረተችው ሰዎች ለጤናቸው ሲሉ በለመዱት ነገር ምክንያት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዚያም በ1880ዎቹ ዓ.ም. የማገዶውን ችግር ለማቃለል ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ዛሬም በየካና በእንጦጦ ወገብ ላይ የምናየው ደን የሚበዛው ይኸው ባሕር ዛፍ ነው።

ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከኮተቤ ወገን ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው፣ በዛፎቹ መካከል ተከታትለው የሚሮጡ ወጣቶችን ያገኛል። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህልና ከዚያም የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ አየሩ የሳሳ ነው፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከ10 እጅ 7 እጅ ያህሉ ነው። ሰውነትም ይህን ጉድለት ለማሟላት ኦክስጅን የሚሸከሙትን የደም ቀይ ሕዋሳት ያበዛል። ሯጮቻችን ተራራውን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ከፍታው ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ ቢያደርግማ ኖሮ በተራራው ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ሯጭ በሆነ ነበር። ሯጩን የሚሠራው በተወሰነ ሰዓት መነሣቱ፣ አንድ ቀን ከበረታ በማግሥቱ በዝግታ መሮጡ፣ በጊዜው መብላቱና በጊዜው መተኛቱ ነው። የሯጭን ሥራ ቀርቦ የሚመለከት ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው፣ ብዙው ሩጫ ዝግ ያለ መሆኑንና ዕረፍትም እንደ ሥራ የሚቈጠር መሆኑን ሲያይ ነው።

ታዲያ እኛ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን የምንውል ሰዎች ይህን እያየን ስለ ምን አንማርበትም? ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ ተራራው በደጃችን ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር ጀምሮም የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የእግርና የቢስክሌት መንገድ ተበጅቶለታል። ገንዘብ ጠፍቶም አይደለም፤ በእግር ለመሄድ ከጫማ በቀር የሚገዛ ዕቃ የለም። ዋናው ዕንቅፋት በልባችን ውስጥ ያለው የክብር አሳብ ነው። በቀድሞ ዘመን ትልቅ ሰው በበቅሎ ተቀምጦ ሲሄድ አሽከሮቹ በእግራቸው ይከተሉት ነበር። ከዚህም የተነሣ በእግር መሄድ የድኻነት፣ መቀመጥ ግን የጌትነት ምልክት ሆኖ ተቈጠረ። ዛሬ በቅሎይቱ ቀርታ አውቶሞቢል ተተክቶባታል፤ አሳቡ ግን እንዳለ ነው። በበቅሎ የሚሄደው ሰው ስንኳ ወገቡንና ጭኑን ያሠራ ነበር፤ የአውቶሞቢሉ ጌታ ግን ከመኪናው ወንበር ወደ መሥሪያ ቤቱ ወንበር፣ ከመሥሪያ ቤቱም ወንበር ወደ ማዕዱ ወንበር ሲተላለፍ ቀኑ ይመሽበታል። ፎቅ ለመውጣትም አሳንሰር ይጠብቃል። ደግሞም ሰው ሲወፍር «ተመችቶታል» ብለን ደስ ይለናል፤ ሲከሳ ግን «ምን አገኘው?» ብለን እናዝንለታለን። በዚህ አኳኋን በሽታውን እንደ ጌጥ እናከብረዋለን።

ይህ የክብር አሳብ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ሕመምና ድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ የሌላ አገር ሰዎች በሽታ መስለው ይታዩ ነበር፤ ዛሬ ግን በከተማችን በየቤቱ የሚነገሩ ናቸው። ከእነዚህም መካከል የደም ግፊት ተንኰለኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳያምም፣ ሳያስልና ሳያተኩስ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ሲሠራ ሲበላ ይቆይና፣ አንድ ቀን ድንገት ወድቆ ግማሽ ሰውነቱ ይታሰራል፤ ወይም ለልጆቹ አንዲት ቃል ሳይናገር ይለያቸዋል። ሐኪሞች በተደጋጋሚ ሲለኩ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ያገኙትን ግፊት ከፍተኛ ይሉታል። ልኬቱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለ ሆነ፣ ዕድሜው ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ሕመም ሳይጠብቅ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሊለካ ይገባዋል። መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በገዛ እጁ አያቋርጥ።

ነገር ግን ድካም ሁሉ ጤና ይሰጣል ብለን እንዳንሳሳት፣ በዚያው ተራራ ላይ ሌላ ምስክር አለ። ከእንጦጦ ደን እንጨትና ቅጠል ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ምድጃ ሲያነዱ ኖረዋል። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በእግር በመሄድስ ከእነርሱ የሚበልጥ ማን አለ? ሆኖም ጀርባቸው ይጎብጣል፤ ጉልበታቸው ያልቃል፤ ያለ ዕድሜያቸውም ያረጃሉ። ምክንያቱም ሸክሙ ከልክ ያለፈ፣ ምግቡ ያነሰ፣ ዕረፍቱም የሌለ ስለ ሆነ ነው። በአንድ ተራራ ላይ አንዱ ሲሮጥ ሰውነቱን ይገነባል፤ ሌላይቱ ስትሸከም ሰውነቷን ታፈርሳለች። ልዩነቱ በልክ፣ በምግብና በዕረፍት ላይ ነው። ስለዚህ ሥራ ሳይበዛበት በፈቃዱ ሊራመድ የሚችል ሰው፣ ይህን ዕድል ሳይጠቀምበት ቢቀር ለሰበቡ መልስ አያገኝም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? 1ኛው፤ መራመድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ፈጠን ብሎ ከመራመድ የሚበልጥ አይደለም። ልኩም፣ እየሄዱ መነጋገር ሲቻል መዝፈን ግን ሳይቻል ሲቀር ይታወቃል። ያልለመደ ሰው በመጀመሪያው ቀን የእንጦጦን አቀበት አይፈታተን፤ ከቤቱ እስከ ሠፈሩ ዳር በ10 ደቂቃ ይጀምር፤ ከአውቶሞቢሉም ሁለት ፌርማታ ያህል ቀድሞ ይውረድ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

2ኛው፤ ማዕዱን ማስተካከል ነው። የአገራችን ምግብ መልካም መሠረት አለው፤ ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ለሰውነት እጅግ የሚስማሙ ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው በላያቸው ከምናበዛው ጨው፣ ዘይትና ቅቤ፣ በቡናና በሻይ ውስጥም ከምንከምረው ስኳር ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው የቀን ጨው በወጡ፣ በዳቦውና በሌላውም ምግብ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንዲት የሻይ ማንኪያ በታች ሊሆን ይገባል። ደግሞም ብዙ ሳምንት ጾመን በፋሲካ ቀን በአንድ ጊዜ ሥጋና ቅቤ የምናበዛ ሰዎች፣ የጾሙን ጥቅም በአንዲት ቀን እናጠፋዋለን። ለእንግዳም «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እያሉ ያለ ልኩ ማጉረስ የፍቅር ምልክት መሆኑ ባይካድም፣ የስኳር ሕመምተኛን እንዲህ አድርጎ ማክበር እርሱን መጉዳት ነው።

3ኛው፤ እንቅልፍ ነው። ጎልማሳ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ሲመሽ የእጅ ስልክን ከመኝታ ክፍል ውጭ ማኖር ለብዙዎች ከመድኃኒት ይልቅ ጠቅሟቸዋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ሰሞን ብዙ ሰው በታላቅ ቍጣ ይነሣል፤ አዲስ ጫማ ይገዛል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከልኩ በላይ ይሮጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱን ያመዋል፤ በሦስተኛው ይተወዋል። ስለዚህ ልማድን ለማጽናት የሚረዳው ነገር፣ አዲሱን ሥራ ቀድሞ በነበረ ልማድ ላይ ማሰር ነው። ጧት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሄድ ሰው በእግሩ ይሂድ፤ ቡና ከመጠጣቱ በፊት ግቢውን የሚዞር ሰው ቡናው ራሱ ያስታውሰዋል። አንድ ቀን ቢጎድልም «ተበላሸ» ብሎ አይተወው፤ በማግሥቱ ይቀጥል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የልብን ጽናት በተመለከተ ከሻምበል አበበ ቢቂላ የሚበልጥ ምሳሌ የለንም። ይህ የክብር ዘበኛ ወታደር በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ከተማ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት 5 ሳምንት ያህል በኋላ ዳግመኛ ድል አደረገ። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው፤ ለእኛ ግን የሚበልጠው ትምህርት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1961 ዓ.ም. በአውቶሞቢል አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ሲታሰሩ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረ ነበር። እርሱ ግን በዓመቱ በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች የስፖርት ውድድር ላይ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም.ም በኖርዌይ አገር በበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በ1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ የቀረውን ኃይል ሲሠራበት ኖረ። እንግዲህ ሁለት እግር ያለው ሰው «ጊዜ የለኝም» ሲል፣ ይህን ሰው ቢያስብ መልካም ነው።

በመጨረሻም ይህ ጉዳይ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰብ ሁሉ ነው። ጨው የሚቀንሰው በአንዱ ሳህን ሳይሆን በድስቱ ነውና፣ ባልና ሚስት ተስማምተው ካልቆረጡ ነገሩ አይጸናም። አባወራው የማዕዱን ሥራ በእመቤቲቱ ጫንቃ ላይ ብቻ ጥሎ «ጤናዬን ጠብቂልኝ» ማለት አይገባውም። እርሷም ከንጋት እስከ ሌሊት በቤት ሥራ ስትደክም የምትውል ከሆነች፣ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ድካም ሳይሆን ዕረፍትና በሰላም የምትራመድበት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ያንንም ጊዜ ልጆቹን ተረክቦ ሊሰጣት የሚገባው ባሏ ነው። ልጆችም ከምክር ይልቅ ከሚያዩት ይማራሉ፤ አባታቸው በእግሩ ሲሄድ ያዩ ልጆች በእግር መሄድን አያፍሩበትም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር «መንገድ ለሰው» ተብሎ አውራ ጎዳናዎች ለእግረኛ በተከፈቱ ጊዜ፣ በአስፋልቱ ላይ ከሁሉ ይልቅ ደስ ብሏቸው ሲሮጡ የታዩት ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፣ ነገ ከመሥሪያ ቤታችሁ በፊት ለሰውነታችሁ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ትልቅ ሰው በአውቶሞቢል መሄዱ አያስደንቅም፤ ለአገሩና ለልጆቹ በጤና ብዙ ዘመን መቆየቱ ግን እውነተኛ ክብር ነው።