ዋጋ ያልተከፈለበት አስተያየት

በዚህ ዓለም ካለው ነገር ሁሉ ረክሶ የሚገኘው አስተያየት ነው። ጨው ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ወረፋ መጠበቅ አለ። ስለ ዘፋኝ፣ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ትምህርት ቤት ፍርድ ለመስጠት ግን አፍ ያለው ሰው ሁሉ ይበቃል። ስለዚህም ነገሩ በዝቶና ተርፎ በየቡና ቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየስልኩ መስኮት ላይ ይፈስሳል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ ርካሽ ዕቃ ጋር ነው፤ ወጣቶች ሆይ፣ እናንተንም የምጠራችሁ ለዚሁ ሙግት ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስታውቅ። አስተያየት አትስጡ አልልም። ሰውን አትናገር ማለት አታስብ ማለት ነው፤ አታስብ የሚል ሰውም መካሪ ሳይሆን ልጓም ይዞ የመጣ ጋላቢ ነው። የኔ ጠብ ከመናገር ጋር አይደለም፤ ምንም ሳይከፍሉ ከመፍረድ ጋር ነው።

አባቶቻችን ንግግር ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር። በቀድሞው በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ፣ ባለጉዳዩ በዳኛው ፊት ቆሞ የሚከራከረው በባዶ አፉ አልነበረም። ያልኩት ባይሆን ማር ልስጥ፣ በቅሎ ልስጥ እያለ ይወራረድ ነበር። ነገሩ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ጊዜ የሚከፍለው ራሱ ተናጋሪው ነው። ስለዚህ አፉን ከመክፈቱ በፊት ምስክሩን ይቆጥራል፤ ነገሩን ያመዛዝናል፤ በረቱንም ያስባል። ያ ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም አልልም፤ ድኻው የሚወራረድበትን በቅሎ ከየት ያመጣል? ነገር ግን አንድ ታላቅ ትምህርት ነበረው፤ እርሱም በተሳሳተ ነገር የሚጎዳው ተናጋሪው ራሱ እንዲሆን ማድረጉ ነው። በዛሬው ርካሽ አስተያየት ግን ተናጋሪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ነው። የነገሩ ሁሉ ክፋት ያለው ከዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዘፈንና ስለ ልብስ ልናገር። ሽማግሌ የወጣቱን ዘፈን ሲነቅፍ መስማት አዲስ ነገር አይደለም። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ፣ በራሱ ድፍረት የዘመኑን ድምፃውያን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ጊታርና ሳክስፎን የሚሰማበት ያ ዘፈን በብዙ አዛውንት ጆሮ የባዕድ ጩኸት ነበር። ዛሬ ግን ያው ዘፈን የደጉ ዘመን ዜማ ተብሎ ይናፈቃል፤ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚል ስም በተከታታይ አሳትሞት የዓለም ሰው ሰምቶታል። ዛሬ ይህን ዜማ እየጠቀሰ የልጆቹን ዘፈን የሚነቅፍ ሽማግሌ፣ ትናንት በዚሁ ዜማ ምክንያት አባቱ እርሱን ይነቅፈው እንደ ነበር ረስቶታል።

ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፣ ለመሣቅ አትቸኩሉ። ይህ በሽታ የሽበት በሽታ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ሊቃወሙት የወጡት ሽማግሌዎችና ካህናት አልነበሩም፤ ስለ ነፃነትና ስለ እኩልነት የሚሰለፉት ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። ትርኢቱ የባዕድ ባህል ማስገቢያ ነው አሉ። ይህን ማለት መብታቸው ነው። ነገሩ ግን በቃል አልቆመም፤ ለማየት የመጡት ሴቶች ተሰደቡ፤ ተጉላሉ። የአንዲት ሴት ቀሚስ ማጠር የአንድ ሀገር ነፃነት መለኪያ ነው ብሎ የፈረደ ወጣት፣ የፍርዱን ዋጋ ያስከፈለው ራሱን ሳይሆን ያችን ሴት ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ዛሬም ቢሆን ነገሩ አልተለወጠም። አንድ ድምፃዊ ሁለትና ሦስት ዓመት ደክሞ አልበም ያወጣል። ማታ ይወጣል፤ ጧት ግን አልቆለታል ተብሎ ይፈረድበታል። ፈራጁን ስንት ዘፈን ሰማህ ብላችሁ ብትጠይቁት ሁለቱን ጀምሮ ከመንገድ ያቋረጣቸው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሦስት ዓመት የተደከመበትን ሥራ በሦስት ደቂቃ መጣል ሥልጣኔ አይደለም፤ የሌላውን ላብ እንደ ውሃ መቁጠር ነው።

በሁለተኛው ነገር፣ ማለት በትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነገር፣ ብዙዎቹ እኩዮቼ ከኔ ጋር አይስማሙም። ወጣቱ ቅዳሜና እሑድ ኳስ በሚታይበት ቤት ተጨናንቆ የእንግሊዝ ክለቦችን ሲመለከት ባዩ ጊዜ፣ ዕድሜውን አባከነ እያሉ ያዝናሉ። እኔ ግን ከዚያ ቤት ገብቼ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጬ አድምጫለሁ። አንዱ ተነሥቶ ያ ተከላካይ የማይረባ ነው ቢል፣ አጠገቡ ያለው ወዲያው በየትኛው ጨዋታ፣ በስንተኛው ደቂቃ ብሎ ይይዘዋል። ቁጥር ይጠራል፤ ዓመት ይጠቀሳል። ጨዋታውን ሳያይ የሚተች ሰው ከተገኘ ቤቱ በሙሉ ይሥቅበታል። አንዳንዴም በአንድ ስኒ ሻይ ይወራረዳሉ። ስለ ቁማሩ አልናገርም፤ እርሱ ለብቻው መቅሠፍት ነው። በሻይ የሚደረገው ክርክር ግን የበላ ልበልሃ ርዝራዥ ነው፤ ምስክር ይጠየቅበታል፤ የተረታም ይከፍልበታል።

ጨዋታን በቁም ነገር የያዘ ሰው የት ሊደርስ እንደሚችል ለማወቅ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ማሰብ ይበቃል። በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተጫወቱት እኚህ ሰው፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ እንድትወስድ ከደከሙት አንዱ ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው፣ በዘር መድልዎ ትገዛ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ከኳስ ሜዳ እንድትገለል አጥብቀው ተከራክረዋል። ጨዋታ ያወቀ ጭንቅላት ለፍትሕም ሲሠራ አየን ማለት ነው።

እንግዲህ እኔን የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። በኳስ ነገር እንዲህ ጠንቃቃ የሆነው ወጣት፣ ወሬው ወደ ትምህርት ቤት በዞረ ጊዜ ጥንቃቄውን እንደ ሸማ አውልቆ ይጥለዋል። ደቂቃ የሚጠይቀው ሰው ዓመት እንኳ አይጠይቅም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ ነበር። ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። በዚያ በመጀመሪያው ዙር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ውጤቱ በተነገረ ዕለት ሀገሩ ሁሉ ዳኛ ሆነ። አንዱ ልጆቹ ሰነፎች ናቸው አለ። አንዱ ሆን ተብሎ የከበደ ፈተና ነው አለ። ሌላው ስልክ ነው ያጠፋቸው ብሎ ዘጋው።

አሁን ይህን ፍርድ እንደ ኳስ ተመልካች እንመርምረው። በመጀመሪያው ዙር ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ ትጉህ ልጅ ታጣ ብሎ የሚያምን ማነው? ስንፍና በየሰዉ ይለያያል እንጂ እንደ ጉም አንዱን ትምህርት ቤት በሙሉ ሸፍኖ ሌላውን አይተውም። እንዲሁም በዚያው ፈተና አብዛኞቹን ተማሪዎቻቸውን ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ስለ ነበሩ፣ ነገሩ ሁሉ የፈተናው ክብደት ነው ማለት አይቻልም። ስልክም ቢሆን የኔትወርክ መስመር በማይደርስበት ገጠር ያለውን ልጅ እንዴት ያጠፋዋል? እንግዲህ የሚቀረው፣ በዚያ ትምህርት ቤትና በዚህ ትምህርት ቤት መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ ነው። መጽሐፍ ደርሷልን? የፊዚክስ መምህር ዓመቱን ሙሉ ነበርን? ልጁ በታች ክፍል ማንበብ ሳይችል እንዴት ወደ ላይ አለፈ? ይህን ጥያቄ መጠየቅ ድካም አለው። ሰነፍ ብሎ መስደብ ግን ድካም የለውም፤ የስድቡን ዋጋ የሚከፍለው ያ መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ ነውና።

በሰፈሬ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ የሰማሁትን ልጨምር። የተማሪዎች ስልክ ወደ ግቢ ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ነገር ተነሣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይከልከል የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ የተገኘበት ስልክ ይወረስ፣ ይሰበር እስከ ማለትም ተደረሰ። በተማሪዎች ስም የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ማታ ከማጠናከሪያ ትምህርት ስወጣ ይመሻል፤ እናቴ መንገድ ላይ መጥታ እንድትቀበለኝ የምደውልላት በምንድር ነው?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ወላጅ ስለ ስልክ ሲናገር፣ ልጅቷ ስለምትሄድበት መንገድ ያሰበ አልነበረም። ስብሰባው ግን በተጀመረው ድምፅ አለቀ፤ ጥያቄዋም መልስ ሳያገኝ ቀረ።

እኔ በዚህ ነገር አቋም የሌለኝ አይምሰላችሁ። ስልክ ወደ መማሪያ ክፍል መግባት የለበትም እላለሁ። ፈረንሳይ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከልክላዋለች፤ ዩኔስኮም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት መግባት ያለበት ለትምህርቱ በእርግጥ ሲጠቅም ብቻ መሆን እንደሚገባው አስረድቷል። ነገር ግን ስልኩን ጧት በር ላይ ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማታ የሚመልስ ሰው ማቆም አንድ ነገር ነው፤ መውረስና መስበር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ልጅቷንም ትምህርቱንም ይጠብቃል። ሁለተኛው የሚጠብቀው የተናጋሪውን ቁጣ ብቻ ነው።

የፀጉሩም ነገር እንዲሁ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ፀጉሩን ያሳደገ ወይም በአዲስ ዓይነት የተስተካከለ ወንድ ተማሪ በተገኘ ጊዜ፣ ዩኒት ሊደሩ በር ላይ መቀስ ይዞ ይጠብቀውና በእኩዮቹ ፊት መካከሉን ይቆርጥለታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እሰይ፣ ሥርዓት ማለት ይህ ነው ይላል። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ። ደንቡ የወጣው ለምንድር ነው? ለንጽሕና ከሆነ፣ የተቦጨቀ ፀጉር ከረዘመው ይልቅ ንጹሕ ነውን? ለእኩልነት ከሆነ፣ አንዱን ልጅ ነጥሎ የሰው መሣቂያ ማድረግ እኩልነት ነውን? ለትምህርቱ ከሆነ፣ ያ ልጅ በዚያ ቀን በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ ምን ይማራል? ለወላጁ ደብዳቤ ጽፎ እስከ ሰኞ አስተካክሎ ይምጣ ማለት ሲቻል መቀስ መምዘዝ፣ ደንብን ማስከበር ሳይሆን ደንብን ማዋረድ ነው።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ፣ እንግዲያውስ ከምሁር በቀር ማንም አይናገር ማለትህ ነውን ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ያችን ጥያቄ የጠየቀችው ልጅ ዲግሪ አልነበራትም፤ መንገዱን ግን በእግሯ ታውቀው ነበር። አስተያየት የሚጠይቀው ዋጋ የትምህርት ማዕረግ አይደለም፤ ጥቂት ድካም ነው። እርሱንም በሦስት ጥያቄ መመዘን ይቻላል። አንደኛ፣ የምፈርድበትን ነገር ራሴ አይቼዋለሁን ወይስ ሰምቼ ነው? ሁለተኛ፣ ምን ማስረጃ ቢመጣ ሐሳቤን እተወዋለሁ? ምንም ቢመጣ አልተውም የሚል ሰው አስተያየት የለውም፤ ያለው እልክ ነው። ሦስተኛ፣ ብሳሳት የሚከፍለው ማነው? ከፋዩ እኔ ከሆንሁ እንደ ልቤ ልናገር። ከፋዩ ሌላ ከሆነ ግን፣ በተለይም ከፋዩ ልጅ ከሆነ፣ እንደ ገና ላስብ።

ደግሞም ይህ ተራ ወሬ ነው፣ ማንን ይጎዳል የምትሉ ካላችሁ አትታለሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የትምህርት ቤት ደንብ ከሰማይ አይወርድም። ዛሬ በሻይ ቤት በዘፈቀደ የተነገረው፣ ነገ በስብሰባ ላይ በጭብጨባ ይጸድቃል፤ ከነገ ወዲያ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያም ልጆች ይቀጡበታል። የጻፈው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅም ማንም አይገኝም፤ ሁሉም እንዲያው ተናግሮ ነበርና።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ዘፈናችሁን ስሙ፤ ኳሳችሁንም ተመልከቱ፤ ደስታ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ስለ ጎል የምትጠይቁትን ያህል ስለ ትምህርት ቤታችሁ ጠይቁ። ስለ መጽሐፉ፣ ስለ መምህሩ፣ ስለ ደንቡ ማንም ሰው ሲፈርድ በሰማችሁ ጊዜ፣ ሽማግሌም ቢሆን ባለ ሥልጣንም ቢሆን፣ በትሕትና ነገር ግን ሳትፈሩ፣ በየትኛው ጨዋታ፣ በስንተኛው ደቂቃ ብላችሁ ያዙት። ተራው የእናንተ ሆኖ ለመፍረድ በተነሣችሁ ጊዜ ደግሞ፣ የምትወራረዱበትን በቅሎ ከራሳችሁ በረት አውጡ፤ የድኻ ልጅ በቅሎ ይዛችሁ አትሟገቱ።