የኮርኪ ጎማ

ምናለሽ ተራ ገብቶ የማያውቅ ሰው «ቆሻሻ» የሚለውን ቃል በድፍረት ይናገራል። እዚያ የዘይት በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይወጣዋል። «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪው ስሙን ያገኘው ቆራሌው በየሰፈሩ ዞሮ የለቀመው ሁሉ መርካቶ ሲደርስ አዲስ ስም ይወጣለታል።

እኛም ልጆች ሳለን ትንሽ ምናለሽ ተራ በየደጃችን ነበረችን። የሰርዲን ጣሳ ገላ፣ አራት የለስላሳ ኮርኪ ጎማ፣ ቀጭን ሽቦ መሪ። ኮርኪውን መሐል ለመሐል ካልበሱት መኪናው ያነክሳል፤ የክብን እምብርት ያወቅሁት ከጂኦሜትሪ መምህሬ በፊት ከሚያነክስ መኪና ነው።

በቅርቡ ለልጄ ከዚያው ከመርካቶ የገዛሁለት ባለባትሪ መኪና በሦስተኛው ቀን ዝም አለ። «አባዬ፣ ሌላ ግዛልኝ» አለኝ። «እንሥራው» አላለም። ያስጻፈችኝ ይህች ያልተባለች ቃል ናት።

ድህነትን አላወድስም፤ የጣሳ ጠርዝ ጣቴ ላይ የተወው ጠባሳ ዛሬም ብር ስቆጥር ይታየኛል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን መቅጠፉንም አልረሳሁም። ነገር ግን አባት የጣሳውን ጠርዝ በመዶሻ አጥፎ ቢሰጥ፣ ባትሪውንና የመድኃኒት ዕቃውን ቢለይ፣ የቀረው የልጁ ነው። ትምህርት ቤቶችስ ለእጅ ሥራ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ግዙ ከሚሉን ኮርኪና ካርቶን ከቤት ይምጣ ቢሉ ምን ይጎድልባቸዋል?

ቅዳሜ ከባንክ ስወጣ ምናለሽ ተራ ጎራ ብዬ ሁለት ሜትር ሽቦ ገዛሁ።

«ለምን ሥራ ነው ወንድሜ?» አለኝ ነጋዴው።

«ለመሪ» አልሁት።