በአንዲት እዝባር የጠፋችው ተማሪ

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፤ አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ እያለቀሰች መጣች። ለፈተና ልትመዘገብ ሄዳ «ስምሽ ሲስተሙ ላይ የለም» ተብላለች። አባቷ ገብረማርያም ነው። የ8ኛ ክፍል ካርዷ ላይ «ገ/ማርያም» ተብሎ ተጽፏል፤ ኮምፒውተር ላይ ያስገባት ሰው ደግሞ «ገ.ማርያም» ብሎታል። በቃ! ልጅቷ የለችም!

መፍትሔው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ከፍርድ ቤት የስም ማስተካከያ አምጪ።» እናቷ ጉልት ላይ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው። የቀን ገበያዋን ትታ ፍርድ ቤት ደጅ የምትጠናው ለአንዲት እዝባር ነው?

«ሲስተሙ ነው» እንዳትሉኝ። ሲስተም ከሰማይ አይወርድም፤ ሰው ነው የሚሠራው።

እኔ ባለ ዲፕሎማ መምህር ነኝ እንጂ ፕሮግራመር አይደለሁም። ግን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባለውን በስልኬ ተማርኩት። አዲስ ነገርም አይደለም። ሐሳቡን አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሊኒ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው ያመጣው፤ ኬን ቶምፕሰን በ1968 ለጽሑፍ መፈለጊያ የሚሆን ስልት አሳተመበት። ይኸው፦

ገ(ብረ)?[/. ]?ማርያም

የጥያቄ ምልክቷ «ከእኔ በፊት ያለው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለኝም» ማለት ናት። ማዕዘን ቅንፉ «ከነዚህ አንዱ» ይላል፦ እዝባር፣ ነጥብ ወይም ክፍት ቦታ። እንግዲህ ገ/ማርያም፣ ገ.ማርያም፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያም ሁሉም ይገኛሉ። ነጥቧን ግን ከቅንፉ ካወጣችኋት «ማንኛውም ፊደል» ትሆናለች፤ ጠንቀቅ በሉ።

«የሰው ስም ይቀላቀላል» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ወ/ማርያም ብትሉ ወልደማርያምም ወለተማርያምም ሊሆን ይችላል። ለዚህ እኮ ነው ማሽኑ ይፈልግ፣ ሰው ያረጋግጥ የምለው። የልጅቷ ፎቶ አለ፣ የልደት ቀኗ አለ፣ የእናቷ ስም አለ። አይቶ «አዎ፣ እሷ ናት» ለማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያ ሁሉ እያለ «የለችም» ማለት ጥንቃቄ አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ደግሞ እኮ በእዝባር ማሳጠር የኛው አጻጻፍ ነው! ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዓ/ም እያልን ነው ያደግነው። ለአማርኛ የሚሠራ ሰው ይህን ካላወቀ ለማን ነው የሚሠራው?

ፕሮግራም የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እባካችሁ ይህችን የጥያቄ ምልክት አትርሷት። ቢሮ የተቀመጣችሁም «የለም» ከማለታችሁ በፊት ነጥብና እዝባሩን ቀያይራችሁ ፈልጉ።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ልጅቷ ግን አለች። ክፍሌ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።