«ሠልጥኚ» ይለኛል!

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት የ22 ዓመት እህታችን ነው። ጓደኛዋ ራት በጋበዛት ቁጥር የዝዋዩን ሲራ ያዛል። እሷ ግን ጣፋጭ ወይን ነው የምትወደው። ይህንን ስትነግረው «ጣፋጭማ የልጅ ነው» ብሎ ይስቅባታል፤ ብርጭቆዋ ሳይጎድል ይሞላል። «አፌን ያደርቀዋል፤ እሱ ሠልጥኚ ይለኛል። እንዴት ልልመደው?» ስትል ትጠይቃለች።

እኔ የወይን ሊቅ አይደለሁም እህቴ፤ የማውቀውን ግን ልንገርሽ።

የወይን ፍሬ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኝ ስኳሩ ይበዛል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ሲፈላ ደግሞ እርሾው ያንን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። የሞቃት አገር ቀይ ወይን ጠቆር፣ ወፈር፣ በአልኮልም ጠንከር የሚለው ለዚህ ነው። ዝዋይ (ባቱ) ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብትሆንም ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ስለሆነች ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ይህም ኮምጣጣነቱ ጨርሶ እንዳይጠፋ ይረዳል። ካስቴል ከፈረንሳይ ባስመጣው ችግኝ እዚያ ያመረተውን ወይን ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር።

አፍሽን የሚያደርቀው ታኒን ይባላል፤ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣ ነው። ቅጠሉ ውስጡ የቆየ ሻይ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ? እሱም ያው ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የምላስሽ አይደለም! ሥጋው ስብ ካለው ጥብስ ጋር ሲሆን ይለዝባል። ሚጥሚጣ ከበዛበት ምግብ ጋር ግን ማቃጠሉን ያብሰዋል። ወይኑ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ከመከፈቱ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ቢገባ ጥሩ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልጣመሽ አክሱሚትሽን እዘዢ። ጣፋጭ መውደድ ኋላቀርነት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ያሳሰበኝ «ሳይጎድል ይሞላል» ያልሽው ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 14 በመቶ አልኮል ካለው ወይን ግማሽ ጠርሙስ ብትጠጪ፣ 5 በመቶ አልኮል ካለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ሦስት ጠርሙስ ከጠጣ ሰው ትበልጫለሽ። ብርጭቆው እየተሞላ ሲሄድ ደግሞ ስንት እንደጠጣሽ በምን ታውቂያለሽ? እሱስ ያንን ጠጥቶ መኪና ሊነዳ ነው?

የሚቀጥለው ራት ላይ እጅሽን ብርጭቆው ላይ አድርጊና «በቃኝ» በዪው። ወደ ቤት የሚወስድሽን የታክሲ ሂሳብም ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። «እሺ» ብሎ ጠርሙሱን ካስቀመጠ ጥሩ፤ የጣፋጩንም ነገር ቀስ እያልሽ ታስረጂዋለሽ። ካኮረፈ ወይም ደግሞ ከሳቀብሽ ግን፣ እንድትለምጂለት የፈለገው ወይኑን አይደለም።

ወንድሞችም ሰምታችኋል፤ ስትጋብዙ መጀመሪያ «ምን ትወጃለሽ?» ማለትን ልመዱ!

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።